የእናቴን ነጠላ ነጭ ለማድረግ ሁለት ካሜራና ሦስት ጥምቀት

ባለፈው ጥር 11 ጃን ሜዳ ላይ ያነሳሁት የእናቴ ፎቶ ትናንት ታትሞ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ነጠላው ነጭ ነው። ጥለቱ ይታያል። ፊቷም የራሷ ፊት ነው። ይህች ቀላል የምትመስል ነገር ሦስት ጥምቀት ፈጅታብኛለችና ትንሽ ብኩራራ አትፍረዱብኝ። የሚያናድደኝ ግን ፎቶውን ያነሳሁት ሁለት ዓመት ቆጥቤ በገዛሁት ትልቁ ካሜራ አለመሆኑ ነው። ያነሳሁት የአክስቴ ልጅ ከመሳቢያ አውጥቶ «ይሠራ እንደሆነ እየው» ብሎ በሰጠኝ፣ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ገብቶ በሚጠፋ ካሜራ ነው።

ትልቁ ካነን 7ዲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ፣ 18 ሜጋፒክስል ያለው፣ በጊዜው አማተሩም ባለሙያውም ይመኘው የነበረ፣ ሌንሱ የሚቀያየር ዲኤስኤልአር። የገዛሁት ከሁለተኛ እጅ ነው። አካሉ ብቻውን 820 ግራም ይመዝናል፤ 645 ግራም የሚመዝነው ባለ 17-55 ሌንስና ባትሪው ሲጨመሩበት ከኪሎ ተኩል ያልፋል። ትንሹ ከአንድ ዓመት በኋላ የወጣው ካነን ኢክሰስ 130 ነው፤ 14 ሜጋፒክስል፣ ከነባትሪው 133 ግራም። ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር በትልቁ 22.3 በ14.9 ሚሊሜትር ነው፤ በትንሹ 6.2 በ4.6 ገደማ። አንድ ምሽት ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ክብደቱ 12 እጥፍ ገደማ፣ የሴንሰሩ ስፋትም 12 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ሴንሰር እንደ ሥጋ በኪሎ ነው የሚሸጠው ብዬ ደመደምኩ።

የመጀመሪያዎቹን ወራት አልዘረዝርም፤ ሁላችሁም አልፋችሁበታል። ሚሞሪ ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ረስቶ ሠርግ መሄድ፣ አበባ ላይ ንብ ማሳደድ፣ ጀርባው የደበዘዘ ሁሉ ጥበብ መስሎ መታየት። 50 ሚሊሜትር ሌንስ ገዝቼ ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ እስከ ኤፍ 1.8 (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) እከፍተውና የእህቴን ልጅ ከአንድ ሜትር ርቀት አነሳው ነበር። በዚያ ርቀት ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 3 ሳንቲሜትር አይሞላም። ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ጆሮው ጉም ውስጥ ነው። ለስድስት ወር ያህል ከቤተሰባችን ጆሮ የነበረው ሰው የለም።

ወደ ነጠላው ልምጣ።

በመጀመሪያው ጥምቀት ሁሉን ነገር ለ7ዲው አውቶማቲክ ትቼ እናቴን ከጎረቤቶቿ ጋር አነሳኋት። ሁሉም ነጭ በነጭ ለብሰዋል። ቤት መጥቼ ስከፍተው ነጠላው አመድ ይመስላል፤ ፊቷ ደግሞ ጠቁሮ ዓይኗ እንኳ አይለይም። እናቴ ስክሪኑን ጠጋ ብላ አየችና «ለበዓሉ ብዬ አጥቤው አልነበረም እንዴ?» አለች። አልቀለደችም። ሳጥኗን ከፍታ ነጠላውን አወጣችና በመስኮት ብርሃን አገላብጣ አየችው።

ነገሩ የካሜራው ብልሽት አልነበረም። ካሜራ ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ ነጠላ ምን እንደሆነ አያውቅም። ከፊቱ ያለው ነገር ሁሉ ሲደባለቅ መካከለኛ ግራጫ ይሆናል፣ ማለትም ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን ይመልሳል ብሎ ነው የሚነሳው። ነጭ የለበሰ ሕዝብ ሲሞላበት «ብርሃኑ በዛ» ይልና ያጨልመዋል። ጥቁር ካባ ሲሞላበት ደግሞ «ብርሃን አነሰ» ብሎ ያነጣዋል። ሕዝቡ በሙሉ ነጭ ለብሶ በሚወጣባት አገር ይህ መለኪያ በዓል በመጣ ቁጥር እንደተታለለ ይውላል።

መፍትሔው መጽሐፍ ላይ አለ። ነጭ ሲበዛ የብርሃን ማስተካከያውን ወደ ላይ፣ ከ1 እስከ 2 ደረጃ (እያንዳንዱ ደረጃ ብርሃኑን እጥፍ ያደርገዋል) ከፍ አድርግ ይላል። በሁለተኛው ጥምቀት እኔ ጀግናው ከጠዋት ጀምሮ 2 ላይ አድርጌ ቀኑን ሙሉ አልነካሁትም። ፊቶቹ አማሩ። ነጠላዎቹ ግን ጠፉ። ጥለት የለ፣ ፈትል የለ፣ እጥፋት የለ፤ ሰዎቹ ወረቀት የተጠቀለሉ ይመስላሉ። እናቴ «አሁን ደግሞ በረኪና ውስጥ የነከርከው ነው የሚመስለው» አለች።

ስህተቴን ለማግኘት ብዙ ምሽት ወሰደብኝ። ማስተካከያው የሚጨምረው መለኪያው በሰጠው ላይ ነው፤ መለኪያው ደግሞ በየፎቶው ሐሳቡን ይለውጣል። ክፈፉን ነጭ ልብስ ሲሞላው 2 ደረጃ መጨመር ልክ ነበር። እናቴ ጥቁር አረንጓዴ ዛፍ ስር ስትቆም፣ ወይም ከኋላዋ ጠቆር ያለ የከፋይ ጥላ የያዘ ዲያቆን ሲያልፍ፣ መለኪያው ራሱ አስቀድሞ አንጥቶታል፤ እኔ በላዩ ላይ 2 ጨመርኩበት። በጥቁር ውስጥ የተደበቀ ነገር በኮምፒውተር ተጎትቶ ይወጣል። ሞልቶ የፈሰሰ ነጭ ግን ባዶ ነው፤ የሚወጣ ነገር የለውም።

መንገዱን ያሳዩኝ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ቤት ያላቸው፣ በፊልም ዘመን የሠሩ ጋሼ ናቸው። ፎቶዎቹን ላሳትም ወስጄላቸው አንድ በአንድ ካዩ በኋላ «አንተ የምትለካው ልብሱን ነው። ፀሐይዋን ለካ» አሉኝ። ከዚያ ስለ ድሮ የፊልም ማሸጊያ አወሩልኝ። ፀሐይ ሲሆን ይህን፣ ደመና ሲሆን ያንን አድርግ የሚል በሥዕል የተሠራ መመሪያ አብሮት ይመጣ ነበር። ሕጉ ቀላል ነው። በጠራ ፀሐይ ቀዳዳው ኤፍ 16 ከሆነ የመዝጊያው ፍጥነት የአይኤስኦው፣ ማለትም ፊልሙ ወይም ሴንሰሩ ለብርሃን ያለው ንቃት፣ ቁጥር ግልባጭ ይሆናል፤ ለአይኤስኦ 100 አንድ መቶኛ ሰከንድ። ኤፍ 8 ላይ ሲሆን አንድ አራት መቶኛ ማለት ነው። ፀሐይዋ ለነጩም ለጥቁሩም አንድ ናት፤ የሚለያየው የሚመልሱት ብርሃን ነው። የምታርፈውን ፀሐይ መሠረት ካደረግህ ነጩ ነጭ፣ ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ ይወጣል።

አራት ቅዳሜ ግቢያችን ውስጥ ተለማመድኩ። የልብስ ገመድ ላይ የእናቴን ነጠላና የራሴን ጥቁር ኮት ጎን ለጎን ሰቅዬ፣ ከሥራቸው ጀበና አስቀምጬ፣ በየግማሽ ሰዓቱ አነሳለሁ። ጎረቤታችን በአጥር ብቅ ብላ «ልብስ ልትሸጡ ነው?» አለችኝ። ያገኘሁት ውጤት ይኸው፦ ደመና በሌለበት የጥር ቀን፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት፣ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8፣ አንድ አምስት መቶኛ ሰከንድ። ከጋሼ ሕግ ትንሽ ያጨለምኩት ለጥለቱ ብዬ ነው። መለኪያውን ዞር ብዬ አላየሁትም። ፋይሉን ካሜራው ሳያቀነባብረው በጥሬው አስቀምጬ ጥላ ያለበትን ክፍል በኋላ አንድ ደረጃ ያህል ከፍ አደርገዋለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። ከካሜራው ጀርባ የሚታየው ሂስቶግራም፣ ጥቁሩና ነጩ ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳየው ግራፍ፣ የሚሠራው ከጥሬው ፋይል ሳይሆን ከተቀነባበረው ምስል ነው፤ ስለዚህ ጥለቱ ገና ሳይጠፋ «ጠፋ» እያለ ያስደነግጣል። በካሜራው ማውጫ ውስጥ ኮንትራስቱን (የነጩንና የጥቁሩን ልዩነት) ዝቅ ብታደርጉት ወደ እውነቱ ይቀርባል።

እዚህ ላይ ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አላለቀም። እናቴ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል ታደርጋለች፤ የጥር ፀሐይ ደግሞ ወደ ቀትር ሲጠጋ ከአናት ነው የሚወርደው። ነጠላው ፀሐይ ላይ፣ ፊቷ ጥላ ውስጥ ሆነ። ያኔ «ፀሐይዋ አንድ ናት» የሚለው ነገር አይሠራም። ፊቱን ትንሽ የሚያበራ ፍላሽ ያስፈልጋል።

ኪሎ ተኩሉ የተሸነፈው እዚህ ላይ ነው። 7ዲው ከፍላሽ ጋር ሲሠራ መዝጊያው ከአንድ 250ኛ ሰከንድ በላይ አይፈጥንም። በዚያ ፍጥነት ፀሐይዋን ለመቋቋም ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 11 መዝጋት ግድ ነው፤ አናቱ ላይ ያለችው ፍላሽ ደግሞ በኤፍ 11 የምትደርሰው አንድ ሜትር ብትበዛ ነው። አንድ ሜትር ድረስ ስጠጋ ያ ወፍራም ሌንስ ራሱ ፍላሹን ይጋርድና እናቴ ደረት ላይ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ጥላ ይጥላል። ተነቃይ ትልቅ ፍላሽ ይህን ሁሉ ይፈታል፤ ዋጋውን ጠይቄ ዝም አልኩ። ትንንሾቹ ካሜራዎች መዝጊያቸው በሌላ ዘዴ ስለሚሠራ አብዛኞቹ ይህ ገደብ የለባቸውም። ፍላሿን በግድ እንድትበራ ማዘዝ ብቻ ነው።

ኢክሰሱ ግን ቁጥሮቹን በእጅ የሚያስሞላ ማኑዋል የለውም፤ የጋሼን ቁጥሮች አልሞላበትም። ስለዚህ ማታለል አስፈለገ። መጀመሪያ የእጄን ጀርባ ፀሐይ ላይ ዘርግቼ ቁልፉን በግማሽ ተጭኜ ብርሃኑን እንዲይዝልኝ አደረግሁ። ያዘልኝ፤ ግን ትኩረቱንም እዚያው እጄ ላይ ያዘ። አራት ፎቶ ብዥ ብሎ ወጣ። ከዚያ የጃን ሜዳን የደረቀ ሣር ሞከርኩ። እግሬ አጠገብ፣ ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ፣ እናቴ የቆመችበት ፀሐይ ላይ ያለ ሣር፤ ብሩህነቱ ለመካከለኛው ግራጫ ይቀርባል። ሣሩ ላይ በግማሽ ተጭኜ፣ ሳልለቅ ወደ እናቴ ቀና ብዬ፣ ቁልፉን እስከ ታች ተጫንኩት። የትኩረቱ ነገር አላሳሰበኝም። የኢክሰሱ ሌንስ ዙም ሳይደረግ የትኩረት ርዝመቱ (ፎካል ሌንግዝ) 5 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ሁለት ሜትር ላይ ካተኮረ ከአንድ ሜትር ጀምሮ እስከ ሰማይ ድረስ ያለው ሁሉ ጥርት ይላል። ያ ሁሉ ሰው «የትንሽ ካሜራ ድክመት» እያለ የሚንቀው ነገር፣ ጀርባን ማደብዘዝ አለመቻሉ፣ ጆሮን ጨምሮ ሁሉን ነገር ሰጠኝ።

ሌላም አለ። 7ዲውን ሳነሳ እናቴ መታወቂያ ላይ እንዳለችው ትሆናለች፤ አገጭ ወደ ላይ፣ አፍ ግጥም። ትንሹን ስይዝ ከጎረቤቷ ጋር ወሬዋን አላቋረጠችም። ግድግዳው ላይ ያለው ሳቅ የወሬው መጨረሻ ነው። የወሬውን መጀመሪያ ልትነግረኝ አልፈቀደችም።

ለ7ዲው ፍርድ አላጓድልበትም። የከተራ ምሽት በሻማ ብርሃን ያነሳሁት ሁሉ የእሱ ነው። አይኤስኦ 3200 ላይ ሰው ይመስላል፤ ኢክሰሱ ከ400 ሲያልፍ ሽሮ ይሆናል። ጠዋት የተባረከው ጸበል ሲረጭ ጠብታዎቹን በአንድ ሁለት ሺሕኛ ሰከንድ አየር ላይ አስቁሞልኛል። መዘምራኑ እግር ሲያነሱ በኢክሰሱ ከተጫንኩ ፎቶው የሚመጣው እግሩ መሬት ካረፈ በኋላ ነው። በሌላ በኩል ኪሎ ተኩሉን አንገቴ ላይ ሲያይ አንዱ አስተናባሪ መንገድ ከፈተልኝ፣ ሌላው ደግሞ «ጋዜጠኛ ነህ? ፈቃድህን አሳየኝ» ብሎ አቆመኝ። ትንሿን ማንም አልጠየቃትም።

ስልክ እያለህ ምን አደከመህ ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው። ካሜራዬ መሐል ላይ አይደወልለትም።

ምክር ከተፈለገ፣ «ከመጀመሪያው ቀን ማኑዋል ላይ ተማሩ» የሚሉትን አትስሙ። እኔ ሰምቼ አንድ ሙሉ ሠርግ አጨልሜያለሁ፤ የሙሽራው ቤተሰብ እስከ ዛሬ ፎቶውን ይጠይቃል፣ እኔም «እየሠራሁት ነው» እላለሁ። ማኑዋል የገባኝ የልብስ ገመዱ ሥር ቆሜ ነው፣ አንድ ነጠላ መቶ ጊዜ አንስቼ። «ካሜራ ምንም አይደለም፣ ዋናው ዓይን ነው» የሚሉትም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ውድ ካሜራ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ናቸው። ካሜራም ለውጥ ያመጣል። በሻማ ብርሃን ትልቁ፣ በቀትር ፀሐይ ፊት ለማንሳት ትንሹ፤ ለእኔ የወጣልኝ ይኸው ነው። ነገ ተነቃይ ፍላሽ ብገዛ ይህን ቃሌን ላጥፍ እችላለሁ። ደግሞም ልናዘዝ፦ ሠርግ ላይ አሁንም 7ዲውን ነው የምይዘው፤ ባልጠቀምበት እንኳ ሰው ጠረጴዛ ፊት ለፊት ያስቀምጠኛል።

ከጃን ሜዳ ወዲህ ኢክሰሱ ሲከፈት ሌንሱ ይንቀጫቀጫል። አቧራ ገብቶበታል። የ7ዲውን ሌንስ ነቅዬ አጸዳለሁ ወይም እቀይራለሁ፤ ይህኛው ግን ከአካሉ የማይነቀል ነው። ጋሼ ጆሯቸው ላይ አስጠግተው እንደ ሐኪም አዳመጡትና «ብትፈታው አትገጥመውም» ብለው መለሱልኝ።

ዛሬ ደግሞ የአክስቴ ልጅ ቡና ሊጠጣ መጥቶ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አየ። ብዙ አየው። ከዚያ «ያቺ ካሜራዬ የት አለች?» አለኝ። በምትኩ 7ዲውን ለአንድ ሳምንት ላውስህ አልኩት። አነሳው፣ በእጁ መዘን መዘን አደረገው፣ መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ስኒውን ያዘ።