ያላበጠ አንገት ለምን ይነካል?

ቁስሉ የምላሴ ግራ ጠርዝ ላይ ነበር። ጥርስ እየፈገፈገኝ ነው ብዬ ሁለት ወር ዝም አልኩ። በርበሬ ሲነካው እንባዬ ይመጣል። የሄድኩበት ክሊኒክ መጉመጥመጫ ሰጥቶ መለሰኝ። ሦስት ሳምንት አልፎት ያልዳነ የአፍ ቁስል መመርመር እንዳለበት ያኔ ባውቅ ኖሮ!

ናሙናው ካንሰር ሆነ። ከቢቸና ተነስቼ፣ አባይ በረሃን ተሻግሬ አዲስ አበባ ገባሁ። ሐኪሟ አንገቴን በጣቶቿ ዳሰሰች፣ ሲቲ ስካኑን አየች። ያበጠ ንፍፊት፣ ማለትም በሁላችንም አንገት ውስጥ ካሉት ትናንሽ ዕጢዎች ያበጠ፣ የለም።

«ጋሼ፣ ቁስሉን ከነዙሪያው ቆርጠን እናወጣለን። ስለ አንገትዎ ግን እንነጋገር» አለችኝ።

ምንም ከሌለ ምን ያነጋግራል? ለካ የአፍ ካንሰር ሲዛመት መጀመሪያ የሚያርፈው አንገት ላይ ነው። እንደ እኔ ገና በጊዜ ከደረሱት ከ10 ሰው በ2 ወይም በ3ቱ ንፍፊት ውስጥ በእጅም በምስልም የማይታይ ካንሰር ይገኛል።

የአጎቴ ልጅ «ያላበጠ አንገት አታስነካ» ብሎ ለመነኝ። ልቤም ወደሱ አደላ። ይህን ስነግራት ሐኪሟ ሙምባይ በሚገኘው ታታ መታሰቢያ ሆስፒታል ተሠርቶ በ2015 የወጣ ጥናት አነሳችልኝ። ንፍፊታቸው ከመጀመሪያው ኦፕሬሽን ጋር አብሮ ከወጣላቸው ሰዎች፣ ከሦስት ዓመት በኋላ 80 በመቶው በሕይወት ነበሩ። እስኪያብጥ ከተጠበቀላቸው ደግሞ 67.5 በመቶው። የኔ ቁስል ጥልቀት በግምት 5 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ከ3 ወይም ከ4 ሚሊ ሜትር ካለፈ ንፍፊቱን ማውጣቱ ይመረጣል አለችኝ። መጠበቅ ደግሞ ቶሎ ቶሎ መታየት ይፈልጋል። ከቢቸና እየተመላለስኩ? እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ቀን እቀር ነበር።

ሌላም መንገድ አለ። ቁስሉ ዙሪያ ጨረር ያለው ፈሳሽ ተወግቶ፣ ፈሳሹ ቀድሞ የሚደርስባቸው ጥቂት ንፍፊቶች ብቻ ወጥተው ይመረመራሉ። ካንሰር ከተገኘ ቀሪው ይወጣል። በፈረንሳይና በጃፓን ተነጻጽሮ ከሙሉው ያላነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ ለትከሻም ይቀላል። ግን ልዩ መሣሪያና የለመደ እጅ ይጠይቃል፤ እኔ በታከምኩበት አልነበረም። ቢኖር እሱን እመርጥ ነበር።

እናም ከመንጋጋዬ ሥር እስከ አንገቴ አጋማሽ ያሉት ንፍፊቶች ወጡ። ውጤቱ ሲመጣ አንዱም ላይ ካንሰር አልተገኘም። እልል አልን። ማታ ብቻዬን ስሆን ግን «ታዲያ በከንቱ ተቆረጥኩ?» አልኩ። ከንቱ አልነበረም፤ ሳይወጣ ማን ያውቅ ነበር?

ያልጠየቅኩት ስለ ትከሻዬ ነው። ትከሻ የሚያነሳው ነርቭ በንፍፊቶቹ መሃል ያልፋል። ባይቆረጥም ሲነካካ ይደክማል። ጋቢዬን በግራ ትከሻዬ ላይ መጣል አቃተኝ። ጢሜን ስላጭ ጆሮዬ ሥር ደንዝዞ፣ ምላጩ እንደቆረጠኝ የነገረኝ መስታወቱ ነው። እንቅስቃሴ የጀመርኩትም ዘግይቼ ነው። እናንተ ግን ከኦፕሬሽኑ በፊት ጠይቁ፦ ጥልቀቱ ስንት ሚሊ ሜትር ነው? ነርቩ ይተርፋል ወይ? የትከሻውን እንቅስቃሴ ማን ያሳየኛል?

አሁን በየቀኑ ግድግዳው ሥር ቆሜ ጣቶቼን ወደ ላይ አስወጣለሁ። ባለቤቴ የደረስኩበትን በከሰል ታሰምራለች። ትናንት የበሩ ጉበን ጋ ደረሰ።