ሦስተኛ ጊዜ ዘይት ያፈሰሰው የፊት አክስል

መኪናው ላንድክሩዘር 70 ሲሪስ ነው፤ የፊት አክስሉ ድፍን፣ ሞተሩ ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ። ውሎው ድንጋይ፣ ጭቃና ወንዝ ነው። የቀኝ ፊት ጎማው ከውስጥ በኩል ጥቁር ዘይት እየረጨ ጋራዥ ሲገባ ይህ ሦስተኛው ነበር። በሥራ ካርዱ ላይ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜም የተጻፈ አንድ ነገር አለ፦ «የቀኝ ፊት ፓራኦሊ ተቀየረ»። ፓራኦሊ በሚዞር ዘንግ ዙሪያ ተገጥሞ ዘይት እንዳያልፍ የሚይዝ የጎማ ቀለበት ነው። ሹፌሩ ፍርዱን ጨርሶ ነው የመጣው፤ «ዕቃው ፎርጅድ ነው፣ ኦሪጅናሉን ግዙልኝ» ይላል። ልጆቹም ተስማምተው የዕቃ መጠየቂያ እየሞሉ ሳለ ዋናው መካኒክ ደረሱ።

«አሮጌው የት አለ?»

«የቱ አሮጌ፣ ጋሼ?»

«ባለፈው ያወጣችሁት ነዋ።»

«እሱማ ተጣለ።»

«ሂድና ፈልገህ አምጣው።»

ፓራኦሊው ከቁርጥራጭ ብረት በርሜል ውስጥ ተገኘ። በናፍጣ ታጥቦና በጨርቅ ተወልውሎ ብርሃን ላይ ሲያዝ ብዙ ነገር ተናገረ። የፓራኦሊው ጎማ ገና ለስላሳ ነው፤ አልደረቀም፣ አልተሰነጠቀም። ስለዚህ በዕቃው ጥራት ላይ የሚያሳብብ ነገር የለም። ዘንጉን የሚያቅፈው የውስጥ ጠርዝ፣ ከንፈሩ፣ ግን ዙሪያውን እኩል አልተበላም። ሴሚያሱን (ኃይሉን ወደ ጎማው የሚወስደውን ዘንግ) ሲነካ የኖረበት የሚያብረቀርቅ መስመር በአንድ ጎን 2 ሚሊ ሜትር ያህል ሰፍቷል፤ በተቃራኒው ጎን ደግሞ በጭንቅ የሚታይ ጭረት ብቻ ነው ያለው። ሲነቀል በካቻቢቴ የተጣመመው ጠርዝ ከታች በኩል እንደነበር የነቀለው ልጅ ያስታውሳል። እንግዲህ የሰፋው መስመር ከላይ የነበረው ነው ማለት ነው። ሴሚያሱ የፓራኦሊውን የላይኛውን ጎን እየተጫነ፣ ከታች ክፍተት እየተወ ሲዞር ከርሟል፤ ዘይቱ ደግሞ የሚተኛው ከታች ነው።

«ይሄ የፎርጅድ ሥራ አይደለም» አሉ ዋናው፤ «ሴሚያሱ መሐል ላይ አልተቀመጠም።»

የተጣለ ፓራኦሊ እንዲህ ይነበባል። ከንፈሩ ዙሪያውን እኩል ተበልቶ ጎማው እንደ ፕላስቲክ ከደረቀ ዕድሜና ሙቀት ነው፤ በአዲስ ተክቶ መሄድ ይበቃል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የተቆረጠ ወይም የተተለተለ ከሆነ ሴሚያሱ ሲገባ ጥርሱ ቀዶታል። ሴሚያሱን በሁለት እጅ ደግፎ፣ ከንፈሩ ላይ ሳያሳርፉ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ከንፈሩንም አስቀድሞ ግሪስ መቀባት። የውጭው የብረት ቀለበት በአንድ ወገን ከተቧጨረ በመዶሻ ሲመታ ተጣሞ ነው የገባው። በአንድ ጎን ብቻ ከተበላ ግን ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ስንት ፓራኦሊ ቢቀየር ያው ነው።

ላልፈታው ሰው የአክስሉን አሠራር ማስረዳት ይገባል። ሴሚያሱ ከዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለሁለቱ ጎማዎች ከሚያካፍለው የጥርስ ቤት) ተነስቶ በአክስሉ ጫፍ ባለው ትልቅ ኳስ ውስጥ ያልፋል። ኳሱን ከውጭ አቅፎ ከመሪው ጋር የሚዞረው ቤት ናክል ይባላል፤ መሪው ሲዞር ሴሚያሱ እንዲታጠፍ የሚያደርገው ጆይንትም የሚሠራው እዚያ ውስጥ በግሪስ ተሞልቶ ነው። ቀጭኑን የዲፈረንሻል ዘይት ከናክሉ ግሪስ የሚለየው ኳሱ ውስጥ ያለው ይህ ትንሽ ፓራኦሊ ብቻ ነው። እሱ ሲለቅ ዘይቱ ናክሉ ውስጥ ገብቶ ግሪሱን ያቀጥነዋል። ድብልቁ ጥቁር ሾርባ ሆኖ ኳሱን በሚጠርገው የውጭ ጎማና ፌልት (የወፍራም ጨርቅ ቀለበት) በኩል ይወርዳል። የሚታየው ከውጭ ስለሆነ ብዙዎች የውጩን ጎማና ፌልት ብቻ ቀይረው ይዘጋሉ፤ ይህ ከንቱ ድካም ነው። ኳሱ ላይ ስስ የግሪስ ሽፋን መታየቱ ጤና ነው፤ ፌልቱም የሚተወው ሆን ተብሎ ነው። ኳሱን ደረቅ አድርጎ ማየት የሚወድ ሰው ዝገቱንም ይቀበል። ጥርጣሬ ካለ በጣት መሞከር ይበቃል፦ የሚጣበቅና ወፍራም ጥቁር ከሆነ የናክሉ የራሱ ግሪስ ነው፤ የሚንጠባጠብና ድኝ ድኝ የሚሸት ከሆነ የዲፈረንሻል ዘይት ነው፤ ነጣ ካለ ውኃ ገብቷል።

ሴሚያሱን ከመሐል ያወጣው ምን እንደሆነ ለማወቅ የመጀመሪያው ካርድ ተፈለገ። ያኔ የተለወጠው ፓራኦሊው ብቻ አልነበረም፤ ናክሉ ከላይና ከታች የሚዞርባቸው ሁለቱ ኩሽኔታዎችም አብረው ተቀይረዋል። በእነዚህ ኩሽኔታዎች ክዳንና በናክሉ መካከል ሽም የሚባሉ ስስ የብረት ቀለበቶች አሉ፤ 0.1፣ 0.2፣ 0.5 እና 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው። ሲፈታ የላዩም የታቹም አንድ ሳህን ላይ ተቀላቅለው ታጥበዋል፤ ሲገጠም ደግሞ እጅ ላይ እንደመጣ ተከፋፍለዋል።

ሽሙ የሚሠራው ሥራ ሁለት ነው፤ ሰው የሚያስታውሰው ግን አንዱን ነው። የላዩና የታቹ ድምር ኩሽኔታው ምን ያህል ተጨቁኖ እንደሚዞር ይወስናል። ክፍፍሉ ደግሞ ናክሉ ከፍ ይበል ዝቅ ይበል ይወስናል። ከላይ ሽም ሲጨመር ናክሉ ይወርዳል፤ ከታች ሲጨመር ይነሳል። ሞዞው (የጎማው እምብርት) የሚዞርበት ክፍት ቱቦ፣ ስፒንድሉ፣ ናክሉ ላይ ስለታሰረ፣ ሴሚያሱም በስፒንድሉ ውስጥ ስለሚያልፍ አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል። ፓራኦሊው ግን ከአክስሉ ጋር ነውና ከቦታው አይነቃነቅም። ድምሩ ልክ ከሆነ መሪው አይከብድም፣ ጎማው አይወዛወዝም፤ በባለሞላ ሚዛን የመሪው ክንድ ጫፍ ሲሳብም ልኩ ከ3 እስከ 6 ኪሎ ባለው ውስጥ ይወድቃል። እዚህም 4 ኪሎ ነበር። ማንም ያልጠረጠረው ለዚህ ነው።

መኪናው በክሪክ ተነስቶ አክስሉ ማቆሚያ ላይ አረፈ። የፍሬኑ ካሊፐር ወጥቶ በሽቦ ተሰቀለ፤ በፍሬን ቱቦው ማንጠልጠል ቱቦውን ከውስጥ ይቀደዋል። የሞዞው ክዳን፣ ባለ 54 ሁለቱ ዳዶዎች፣ ሞዞው ከነዲስኩ፣ ከዚያም ስፒንድሉና ሴሚያሱ ወጡ። የመሪው ክንድ ዳዶዎች ሥር ያሉት ሾጣጣ ቀለበቶች በመፈልቀቅ አይወጡም፤ ዳዶውን እስከ ቡሎኑ አፍ መልሶ፣ የክንዱን ጎን በነሐስ መዶሻ መታ መታ ሲያደርጉት ራሳቸው ይዘላሉ። በብረት መዶሻ የቡሎኑን ጫፍ የመታ ሰው ቀሪውን ቀን ጥርስ ሲያወጣ ይውላል።

ለማማከያ፣ ማለትም ሴሚያሱን መሐል ለማስያዝ፣ ፋብሪካው የራሱ መሣሪያ አለው። በሌለበት ቶርኖ ቤት የምትሠራ ዘንግ ትበቃለች፦ አንደኛው ጎኗ በስፒንድሉ ቡሽ (የውስጥ ቀለበት) ውስጥ ሳይላላ የሚያልፍ፣ ሌላው ጫፏ ላይ ክብ ሳህን ያላት፤ የሳህኗ ዙሪያ ከፓራኦሊው መቀመጫ በየጎኑ 1 ሚሊ ሜትር የሚያንስ። ቡሹ ግን አዲስ መሆን አለበት፤ ያረጀ ቡሽ ልኬቱን ያሳስታል። ፓራኦሊው ሳይገባ ናክሉና ስፒንድሉ በነበሩት ሽሞች ታስረው፣ መሪው ቀጥ ብሎ ዘንጓ ስትገባ ክፍተቱ በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለኩ ስስ ብረቶች) ተለካ፤ ከላይ 0.5፣ ከታች 1.5። ናክሉ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከፍ ብሏል። ሽሞቹ ሲለኩ ከላይ 0.4፣ ከታች 1.4 ሆነው ተገኙ። አንድ ባለ 0.5 ከታች ወደ ላይ ተዛወረ፤ አሁን 0.9 እና 0.9። ድምሩ ያው 1.8 ስለሆነ ባለሞላ ሚዛኑ ዳግም 4 ኪሎ አሳየ፤ ክፍተቱም ዙሪያውን 1 ሚሊ ሜትር ሆነ።

ሴሚያሱ ራሱም ተጎድቷል። ፓራኦሊው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጥፍር ሲሳብ የሚያዝ ቦይ ተቆፍሯል። ይህን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ ማለስለስ ጉድጓዱን ማስፋት ነው። መቀመጫው ጥልቀት ስላለው አዲሱ ፓራኦሊ ከቀድሞው 1.5 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ቀርቶ ገባ፤ ከንፈሩ ያልተበላ ብረት ላይ አረፈ። ቦዩ ከዚያ ሰፊ ቢሆን ኖሮ ሴሚያሱን ከመለወጥ ሌላ መንገድ አልነበረም።

ልጆቹ ነገሩ አለቀ ብለው ሳለ ዋናው የዲፈረንሻሉን ዘይት አስፈቱ። እዚህ ላይ አንድ ልማድ አለ፤ ለጀማሪ ሁሉ መነገር ያለበት፦ መጀመሪያ የሚፈታው የመሙያው ቡሎን ነው። ማውጫውን ቀድሞ ዘይቱን ያፈሰሰ ሰው መሙያው ከያዘበት፣ ዘይት የሌለው አክስል ይዞ ይቀራል። የወጣው ዘይት ወተት የገባበት ሻይ መስሏል። ፓራኦሊው ብቻውን ይህን አያመጣም፤ ወንዝ ውስጥ አንድ ነገር ውኃውን ወደ ውስጥ ስቦታል።

አክስሉ ላይ የተተከለችው ትንሽ መተንፈሻ ክዳኗ በጭቃ ተጋግሮ ድርቅ ብሏል። በጣት ሲጫኗት አትንቀሳቀስም። አክስሉ ሲሠራ ይሞቃል፤ አየሩ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በፓራኦሊው በኩል ይገፋዋል። በዚያው ትኩሳቱ ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ደግሞ በተቃራኒው ይሆናል። በተዘጋ ቤት ውስጥ ያለ አየር ከ80 ወደ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ ግፊቱ በ17 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በባሕር ጠለል ከፍታ ይህ 1.7 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ውኃ ከሚጫነው ጋር እኩል ነው። ወንዙ ጉልበት ድረስ ብቻ ቢሆንም ፓራኦሊው የሚታገለው ከሰው ቁመት ጥልቀት ጋር ነው ማለት ነው፤ እነዚህ ፓራኦሊዎች ደግሞ የተሠሩት ዘይት እንዳይወጣ ለመያዝ እንጂ ውኃ እንዳይገባ ለመመከት አይደለም። ፋብሪካው የሚያወጣት ክዳን ንጹሕ ብትሆንም አየር ወደ ውጭ እንጂ ወደ ውስጥ በደንብ አታሳልፍም። ስለዚህ ወንዝ ለሚያቋርጥ መኪና ማጽዳቷ አይበቃም፤ ወጥታ በቱቦ መተካት አለባት።

ቱቦው ዘይት የሚችል፣ የውስጥ ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሁን፤ ተራ የውኃ ቱቦ በሙቀት ይሟሽሻል። ከአክስሉ ተነስቶ በሞተሩ ክፍል የኋላ ግድግዳ ላይ፣ ከፍ ካለው ቦታ ይታሰራል። አክስሉ ላይ ፋሸታ (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) ይጥበቅለት። ከታች ላላ ያለ ትርፍ ርዝመት መተው ግድ ነው፦ መኪናው ተነስቶ ጎማው እስከ መጨረሻው ሲንጠለጠል ቱቦው የማይወጠር መሆኑ በዓይን ይታይ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ መሬት ላይ ቆሞ ልክ የመሰለው ቱቦ የመጀመሪያው ትልቅ ድንጋይ ላይ ተነቅሎ ይወጣል፤ አክስሉም ያለ ክዳን ይቀራል። መሐሉ ላይ ረግቦ ዘይት የሚተኛበት ሆድ መሥራት የለበትም፤ ከጭስ ማውጫውም ይራቅ። ጫፉ ላይ ትንሽ የነዳጅ ፊልትሮ ማድረግ አቧራውን ይከላከላል።

ሲገጠም ናክሉ ሦስት አራተኛ ያህል በሞሊብዲነም ግሪስ ተሞላ፤ ጆይንቱ ለብቻው በእጅ ታሽቶ። የሞዞው ኩሽኔታዎች በዘይት ስለተነኩ ታጥበው እንደገና ግሪስ ተሞሉ። የማስተካከያው ዳዶ መጀመሪያ በ59 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል፤ ሞዞው ወዲያና ወዲህ ይዞራል፤ ዳዶው በእጅ እስኪዞር ይላላል፤ እንደገና በ5.4 ኒውተን ሜትር ይያዛል። ባለሞላ ሚዛን የጎማ ቡሎን ላይ ታስሮ ሲሳብ ሞዞው ከ2.8 እስከ 5.6 ኪሎ ላይ መነሳት አለበት። ከዚያ መቆለፊያው ዳዶ በ64 ይጠብቃል፤ የጠፍጣፋው ቀለበት ጥርስ አንዱ ወደ ውስጥ፣ አንዱ ወደ ውጭ ይታጠፋል። መቆለፊያው ከጠበቀ በኋላ ሚዛኑ እንደገና ይሳብ፤ አጥብቆት ይሆናልና። በሌላ ሞዴል ቁጥሩ ሊለይ ስለሚችል የመኪናው ማኑዋል ይቅደም። ዘይት የጠጣ የፍሬን ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይመለስም። ሲሞቅ የጠጣውን መልሶ ያወጣዋል፤ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል። ሁለቱም ጎን ተቀየረ።

ውኃው መላ አክስሉን ስላዳረሰ ግራውም ተከፈተ። ፓራኦሊው እኩል ነበር የተበላው፣ የማማከያዋ ልዩነትም 0.1 ብቻ ስለሆነ ሽሞቹ እንደነበሩ ተመለሱ። በካርዱ ላይ የአራቱም ቦታ የሽም ውፍረት ተጻፈ፤ ከላይ የወጣው «ላይ»፣ ከታች የወጣው «ታች» የሚል ወረቀት ይዞ በሽቦ እየታሰረ ለብቻው እንዲታጠብም ታዘዘ። አዲሱ ዘይት እስከ መሙያው አፍ ሞልቶ ከ1000 ኪሎ ሜትር በኋላ እንዲለወጥ ቀጠሮ ተያዘለት፤ ጥጋጥጉ ውስጥ የቀረውን ውኃ ይዞ እንዲወጣ። ያን ቀን ጎማው እንደገና ተነስቶ ላይና ታቹ ተይዞ ይነቀነቃል፤ ላላ ካለ የሞዞው ኩሽኔታ መቀመጫውን እየያዘ ስለሆነ ዳዶው ይስተካከላል።