12 ሰዓት ከ52

ሰሞኑን አንድ ሆቴል ውስጥ ስለ አደጋ ጊዜ ዘገባ ሥልጠና ወስደን ነበር። ሁለት ቀን፣ ምሳና አበል ያለው። አሠልጣኙ የድሮ አለቃዬ ነው። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ስክሪኑ ላይ «ይህ እንዳይደገም» የሚል ነገር አወጣና ማውራት ጀመረ። «አንድ ዜና አንባቢ የተሰጠውን ሳያረጋግጥ አንብቦ ሕዝቡን በብርድ ደጅ አስወጣው።» ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

አንባቢው እኔ ነኝ።

አበሌን ፈርሜ ስለተቀበልኩ እዚያ ዝም አልኩ። እዚህ ግን ማንም አበል አልከፈለኝም።

ነገሩ የሆነው ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ነው። ቅዳሜ ነበር፣ ገና ሦስት ቀን ቀርቶታል። በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች በኩል መሬቱ ከመስከረም ጀምሮ አላርፍ ብሎ ነበር። መስከረም 26 ማታ አዲስ አበባ ያሉ ፎቆች ሲወዛወዙ ጊዜ የአገሩ ሚዲያ ሁሉ ትዝ አልነው። ባለሙያዎቹ ከመሬት በታች ቅልጥ ዓለት ስንጥቅ እየፈለገ ወደ ጎን እየገፋ ነው ይሉናል። ጥሩ ነው፣ እናነበዋለን። ለእኛ የሚደውል አድማጭ ግን ስለ ቅልጥ ዓለት ጠይቆ አያውቅም። ዛሬ ቤት ውስጥ ልተኛ ወይስ ደጅ? የከሰም ግድብ ይችለዋል ወይ? ጥያቄው ይኸው ነው። በዚያች ቅዳሜ ዋዜማ ደግሞ ዶፈን ላይ እንፋሎትና ጭቃ ሲወጣ የሚያሳይ ቪዲዮ ተለቀቀና «እሳተ ገሞራ ፈነዳ» ተባለ። እስኪመሽ ድረስ «እንፋሎት ነው፣ ቅልጥ ዓለት አይደለም» ስንል ዋልን። ድምፄ ተዘግቶ ነው የተኛሁት።

ሌሊት አልጋዬ ሄደ። ሌላ ቃል የለኝም፣ ሄደ። ጋቢዬን ይዤ ስወጣ ግቢው በሙሉ ደጅ ነው። አከራዬ መቁጠሪያቸውን ይዘዋል፣ የጎረቤት ሕፃን ያለቅሳል። ስልኬን አየሁ፣ 3:52 ይላል። በእኛ ከሌሊቱ 9 ከ52 መሆኑ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ። ሰዓቱን በዓይኔ አይቻለሁ።

የጠዋቱ 12 ሰዓት ዜና ተረኛ እኔ ነበርኩ። 11 ተኩል ላይ ስቱዲዮ ገባሁ። አለቃዬ ከቤቱ ሆኖ ስክሪፕቱን በቴሌግራም ላከ። ከአንድ የውጭ ድረ ገጽ ነው የወሰደው። ድረ ገጹ 12:52 ይላል፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት ማለት ነው። ሦስት ሰዓት ጨምሮ ወደ እኛ አቆጣጠር መመለስ ነበረበት። አልመለሰውም። እንዲህ ብሎ ጻፈው፦ «ዛሬ 12 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ላይ በሬክተር ስኬል 5 ነጥብ 8 የተለካ የመሬት መንቀጥቀጥ ተከስቷል።»

አነበብኩት። በጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ቁጭ ብዬ፣ በሚያምር ድምፅ፣ 12 ከ52 ላይ ስለተከሰተ ነገር አነበብኩ። በባዶ እግሬ የወጣሁበትን ሰዓት ነው እኮ። እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። መልሱ ያሳፍራል፦ የውጭ ድረ ገጽ ነዋ! እነሱ መሣሪያ አላቸው፣ እኔ ያለኝ ጋቢ ነው።

12 ከ20 ላይ የስቱዲዮው ስልክ ጠራ። ከመተሐራ አንዲት እናት ናቸው። ደንበኛችን ናቸው፣ ድምፃቸውን አውቀዋለሁ።

«ልጄ፣ 12 ከ52 ነው ያልከው?»

«አዎ እማማ።»

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«12 ከ20።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከኋላ ዶሮ ይጮሃል።

«እና ገና ያልደረሰ ሰዓት ላይ ምን ተከሰተ ነው የምትለኝ?»

ያኔ ነው የነቃሁት። ወረቀቱን አየሁት። ጆሮዬ ጋለ።

«እማማ፣ ተከስቷል ነው ያልኩት። ሆኗል፣ አልፏል ማለቴ ነው።»

«ያለፈውንማ እኔም አውቀዋለሁ፣ ብርጭቆዬን ጨርሶታል። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። ወይ 12 ከ52 ላይ ሊመጣ ነው፣ ወይ ዋሽተሃል። አንዱን ንገረኝና ወይ ቡናዬን ላፍላ ወይ ልውጣ።»

«ተሳስቻለሁ» ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። አፌ ላይ ደርሳ ነበር። ግን ያለ አርታኢ ፈቃድ እርማት መስጠት አልችልም፣ አርታኢው ደግሞ ስልኩን አያነሳም። ይሄ ሰበቡ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን በአሥር ዓመት የሬዲዮ ሥራ ለአድማጭ ተሳስቻለሁ ብዬ አላውቅም ነበር። ታዲያ ምን አልኩ መሰላችሁ?

«ለጥንቃቄ ያህል ደጅ መሆኑ አይከፋም፣ እማማ።»

«በቃ» አሉና ዘጉት።

ከዚያ በኋላ የደወለው ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚለው። «የሬዲዮው ልጅ ራሱ ውጡ ብሏል አሉ፣ እውነት ነው?» ስንት ሰው እንደወጣ አላውቅም። አለቃዬ ሥልጠናው ላይ ቁጥር ጠቅሷል፣ ከየት እንዳመጣው እሱ ይወቅ። እኔ የማውቀው ሰው ፍራሽና ሕፃን ይዞ እንደወጣ፣ አንድ የሻይ ቤት ባለቤትም ምድጃውን ደጅ አውጥቶ ጥሩ ገበያ እንደሠራ ነው።

12 ከ50 ሲሆን ቴክኒሻናችን ማዳመጫውን አውልቆ በሩ ሥር ሄዶ ቆመ።

«አንተ ደግሞ ምን ሆነሃል? ስህተት መሆኑን ነግሬህ የለም እንዴ?»

«ቢሆንስ?» አለኝ።

ሙዚቃ ለቅቄ እኔም አጠገቡ ቆምኩ። 52 ሆነ። 53 ሆነ። መሬቱ ዝም አለ። እፎይ እንደማለት በትንሹ ቅር አለኝ፤ ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ለ1 ሰዓቱ ዜና አለቃዬ ተነሳ። «እርማት አንልም። እርማት ካልን ነገ ማን ያምነናል? ተጨማሪ መረጃ በለው» አለኝ። የላከው ዓረፍተ ነገር ይኸው ነው፦ «ቀደም ሲል የዘገብነው የመሬት መንቀጥቀጥ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ላይ የተከሰተ መሆኑ ታውቋል።» ታውቋል! ማን ነው ያወቀው? አገር ምድሩ ከአልጋው ወድቆ ያወቀውን ነገር እኛ ከሦስት ሰዓት በኋላ አወቅን።

የመተሐራዋ እናት መልሰው ደወሉ። አልተቆጡም፣ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«9 ከ52ንማ እኔም እነግርህ ነበር» አሉኝ። «ግድግዳዬ ላይ ሰዓት አለ። ለምን ደውለህ አልጠየቅከኝም?»

ከዚያ ወዲያ ያለውን ቶሎ ልለፈው። መንግሥት ከ80 ሺህ በላይ ሰው ከአካባቢው እያነሳ እንደሆነ ተነገረ። እኛም ስንት የተለካ መሆኑን ትተን መኪና የት እንደሚቆም፣ ውኃ የት እንዳለ፣ ማን እናቱን እንደሚፈልግ ማንበብ ጀመርን። ያንን ማንም ሥልጠና ላይ አላነሳውም። አያስቅም መሰለኝ።

የእናትየውን ቁጥር ስልኬ ላይ መዘገብኩት። እሳቸው ግን አልተውኝም። መስከረምም 26፣ ታኅሣሥም 26 ሆነና ሰው 26ን ይፈራ ጀመር። ጥር 25 ማታ ደወሉ።

«ነገ 26 ነው። ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«እማማ፣ ይሄን በዓለም ላይ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው የለም። መሣሪያም የለም።»

«አንተማ ባለፈው አውቀህ አልነበር?»

እየቀለዱ ይሁን የምራቸውን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ጥር 26 በሰላም አለፈ። ከሁሉም የበረታው የመጣው የካቲት 7 ማታ ነው፣ 6 የተለካው። እኩለ ሌሊት አልሞላም ነበር። ጋቢዬን ይዤ ወጣሁ፣ አከራዬ መቁጠሪያቸውን ይዘው ወጡ። በዚህኛው ጊዜ ድረ ገጽ አልከፈትኩም፣ አለቃዬም ጋ አልደወልኩም። መንገድ ላይ ሆኜ መተሐራ ደወልኩ። ደኅና መሆናቸውን ጠየቅሁ፣ ደኅና ናቸው፣ ደጅ ናቸው።

«እማማ፣ ስንት ሰዓት ላይ ነበር?» አልኳቸው፣ እስክሪብቶዬን ይዤ።

«ሰዓቴማ ወድቆ ተሰበረ» አሉኝ። «ሬዲዮው ምን አለ?»