ፍሬዲ የቆመበት ቦታ

ባቡሩ ከጄኔቫ የተነሳው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሞንትሮ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የአክስቴ ልጅ መስኮቱ ጋ አስቀመጠችኝ። «ሐይቁ በዚህ በኩል ነው፤ ወዲያ ከተቀመጥክ ተራራ ብቻ ነው የምታየው» አለችኝ። እሷ እዚህ አገር ብዙ ዓመት ኖራለች። ለእኔ የመጀመሪያዬ ነው።

ሎዛንን እንዳለፍን ዳገቱ በሙሉ የወይን እርሻ ሆነ። በድንጋይ ካብ የተያዙ እርከኖች ከተራራው ወገብ ተነስተው እስከ ሐይቁ ጠርዝ ይወርዳሉ። ቦታው ላቮ ይባላል። ወዲያው ኮንሶ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ሁለቱም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ሁለቱንም የሠራው የገበሬ ክንድ ነው።

የመጣሁት ግን ለወይኑ አይደለም። ፍሬዲ መርኩሪ በመጨረሻው ዘመኑ የዘፈነበትን ክፍል ለማየት ነው።

ኩዊን የሚባለውን ባንድ መጀመሪያ የሰማሁት ደሴ፣ ተማሪ ሳለሁ፣ ከተቀዳ ካሴት ነው። ቋንቋው አይገባኝም። የዘፋኙ የፍሬዲ ድምፅ ከታች ተነስቶ ጣሪያ ሲነካ ግን ፀጉሬ ይቆም ነበር። ከቤተሰቤ ታሪክ ጋር የሚያገናኘው ነገር እንዳለ ያወቅሁት በጣም ቆይቼ ነው።

አክስቴ የሰባ ሰባትን ክፉ ቀን ያለፉት ኮረም ነው። ከላስታ ተነስተው፣ አንድ ልጅ አዝለው፣ በእግራቸው ሄዱ። የታዘለው ልጅ እዚያው ቀረ። ሁለት ዓመቱ ነበር። አሁን ከጎኔ የተቀመጠችው ልጃቸው የተወለደችው ከዚያ በኋላ ነው። ወንድሟን አታውቀውም።

ሞንትሮ ስንደርስ ከጣቢያው ቁልቁል ወደ ሐይቁ ወረድን። የገበያው አደባባይ ውኃው ዳር ነው። ሐውልቱ ከሩቅ ይታያል። ቁመቱ ሦስት ሜትር ያህል ይሆናል። አንድ እጁን በጡጫ ወደ ሰማይ ዘርግቷል፣ በሌላው ማይክ ይዟል። ፊቱን ወደ ሐይቁ፣ ጀርባውን ወደ ከተማው ሰጥቷል። እግሩ ሥር ሰው ያስቀመጠው አበባ አለ። አንዱ እቅፍ ጠውልጓል፣ ሌላው ገና ትኩስ ነው። ነሐሱን በእጄ ነካሁት። ቀዝቃዛ ነበር፣ ከሐይቁ በሚመጣው ነፋስ ረጥቧል።

ይህ ሰው የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1946 ዛንዚባር ነው። ስሙ ፋሩክ ቡልሳራ ነበር። ወላጆቹ ከሕንድ የመጡ ፓርሲዎች፣ ማለትም ዘራቸው ከፋርስ የሆነ ሕንዶች ናቸው። ትምህርት ቤት የገባው ሕንድ ነው። በ1964 ዛንዚባር ላይ አብዮት ሲነሳ ቤተሰቡ ሸሽቶ ለንደን አጠገብ ገባ። አገሩን ትቶ የወጣ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ለንደን ውስጥ የጥበብ ትምህርት ተማረ፣ ኬንሲንግተን ገበያ ልብስ ሸጠ። ከዚያ በ1970 ከብራያን ሜይና ከሮጀር ቴይለር ጋር ባንዱን መሠረተ። ጆን ዲከን በዓመቱ ተቀላቀለ። ብራያን የሚጫወትባትን ጊታር ገና ልጅ እያለ ከአባቱ ጋር ከአሮጌ የእሳት ምድጃ እንጨት ነው የሠራት። እስከ ዛሬ እሷኑ ይጫወታል። እንዲህ ያለ ነገር በጣም ደስ ይለኛል።

አደባባዩ ላይ ቁጭ ብለን ስልኬ ላይ ላይቭ ኤይድ የተባለውን የእርዳታ ኮንሰርት ቪዲዮ ከፈትኩ። ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። እዚህ ሆኜ ማየት ግን ሌላ ነው።

ሐምሌ 6 ቀን 1977፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 13 ቀን 1985። ለንደን ያለው ዌምብሊ ስታዲየም 72,000 ሰው ይዟል። የተሰበሰቡት ለኢትዮጵያ ረሃብ ነው፤ ማለትም ለአክስቴና ለመሰሎቻቸው። ኩዊን መድረክ የወጣው ከምሽቱ 12፡41 ላይ ሲሆን የተሰጠው ጊዜ 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ፍሬዲ ነጭ ካናቴራና ጂንስ ለብሷል። ፒያኖው ላይ ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ ያንን ግማሽ የማይክ ዘንግ ይዞ ይሮጣል። መሃል ላይ ሙዚቃው ይቆማል። ፍሬዲ ብቻውን «ኤ-ኦ!» ይላል። ሕዝቡ ይመልሳል። ያረዝመዋል፣ ይመልሳሉ። ያወሳስበዋል፣ አሁንም ይመልሳሉ። እኛ አገር አውጪና ተቀባይ እንላለን። አውጪው አንድ ሰው ነው፣ ተቀባዩ 72,000 ነው። ሲመሽ ፍሬዲና ብራያን እንደገና ወጡ። ሁለቱ ብቻ፣ አንድ ጊታር ይዘው፣ ስለተራቡ ልጆች ዘፈኑ። እዚያ ላይ ስደርስ ሁሌም ድምፁን እቀንሳለሁ።

ከሁለቱ መድረኮች፣ ከለንደንና ከፊላዴልፊያ፣ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደተሰበሰበ ይነገራል።

«አንተ ግን ሁሉንም ንገራቸው፤ ሰን ሲቲንም ጻፍ» አለችኝ የአክስቴ ልጅ። ስለዚህ ነገር ከእሷ ጋር ብዙ ተከራክረናል።

እውነቷን ነው። ኦክቶበር 1984 ኩዊን ደቡብ አፍሪካ፣ ሰን ሲቲ በተባለ መዝናኛ ይዘፍን ነበር። አፓርታይድ ባለበት፣ የተባበሩት መንግሥታት አትሂዱ ባለበት ጊዜ። የእንግሊዝ የሙዚቀኞች ማኅበር ገንዘብ ቀጥቷቸዋል። እነሱ የምንዘፍነው ለሁሉም ሰው ነው አሉ። እኔ ይህን መልስ አልቀበለውም። ጥቁር ሰው በገዛ አገሩ መታወቂያ እየተጠየቀ በሚኖርበት ምድር «ለሁሉም ሰው» የሚባል መድረክ የለም። በዚያው ወር፣ ኦክቶበር 23፣ ጋዜጠኛው ማይክል በርክና የኬንያው ካሜራማን መሐመድ አሚን ከኮረም የላኩት ዘገባ ቢቢሲ ላይ ወጣ። ዓለም የደነገጠው ያን ቀን ነው። እዚህም እንዳንረሳ፦ ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በሰልፍና በድግስ ካከበረ ገና ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። አክስቴ ያን ጊዜ መንገድ ላይ ነበሩ።

ስለ ባንዱ ድግስ ብዙ ተወርቷል። እ.ኤ.አ. በ1978 እዚሁ ሞንትሮ በከፊል የቀዱትን አልበም ለማስመረቅ ኒው ኦርሊንስ ላይ የደገሱት ሲወራ ይኖራል። ለአንድ ፖስተር 65 ሴቶች ራቁታቸውን ብስክሌት እንዲነዱ አድርገዋል። ይህ እኔን አያስደስተኝም፤ ሴቶቹን መጫወቻ ያደረገ ነገር ነው። ገንዘቡ ሲበዛ፣ ግብሩም ሲበዛ፣ ከእንግሊዝ ውጭ እየዞሩ መቅዳት ጀመሩ። በ1979 ደግሞ ሞንትሮ ያለውን ማውንቴን ስቱዲዮን ገዙት።

ስቱዲዮው የነበረው ካዚኖው ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ዛሬ ጎብኚ ያየዋል። የድሮው ካዚኖ በዲሴምበር 1971 ኮንሰርት ላይ አንድ ሰው በተኮሰው ርችት ተቃጥሏል። ሐይቁ ላይ የተኛውን ጭስ ያየው ዲፕ ፐርፕል የተባለው ባንድ በጣም የታወቀውን ዘፈኑን የጻፈው ስለዚያ ቃጠሎ ነው። አሁን ያለው በኋላ የተሠራ ነው። ቁማር ማሽኖቹን አልፈን ገባን። መግቢያ አይከፈልም፤ የፈቀደ ሰው በፍሬዲ ስም ለተቋቋመው የኤድስ መከላከያ ድርጅት ይሰጣል። በሩ ከላይ እስከ ታች በጎብኚዎች ጽሑፍ ተሞልቷል። ፖርቹጋልኛ፣ ጃፓንኛ፣ ዓረብኛ።

መቅጃ ክፍሉ ከጠበቅሁት በላይ ጠባብ ነው። ያን ሁሉ ስታዲየም የሞላ ድምፅ እንዲህ ካለች ክፍል መውጣቱ ይገርማል። ሚክሰር አለ፤ ጎብኚ ራሱ እየነካ ድምፆቹን ከፍ ዝቅ ማድረግ ይችላል። ከበሮውን ዘጋሁት። ጊታሩን ዘጋሁት። ቤዙንም ዘጋሁት። ፍሬዲ ብቻውን ቀረ። ከስንኙ በፊት ትንፋሽ ሲስብ ይሰማል። አፉ ማይኩ ጋ ነው። ጆሮዬ ሥር የቆመ ነው የመሰለኝ። የአክስቴ ልጅ ትከሻዬን ያዘችኝ፤ እሷም ሰምታዋለች።

በ1991 ጸደይ እዚህ ሲመጣ በጣም ታሞ ነበር። ኤድስ ነው። መቆም ያቅተዋል። ለጓደኞቹ ግጥም አምጡልኝ፣ ቶሎ ቶሎ ልዝፈን፣ ቀሪውን እናንተ በኋላ ትሠሩታላችሁ ይላቸው ነበር። የመጨረሻው ዘፈን «መዘር ላቭ» ነው፣ የእናት ፍቅር። የመጨረሻው አንጓ ላይ ሲደርስ ደከመው። ልረፍና ተመልሼ እጨርሰዋለሁ ብሎ ሄደ። አልተመለሰም። አንጓውን ብራያን ሜይ ዘፍኖ ጨረሰው፤ በ1995 ወጣ።

ፍሬዲ ኖቬምበር 24 ቀን 1991 ለንደን ቤቱ ውስጥ በ45 ዓመቱ አረፈ። ይህ ሐውልት የተመረቀው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ኖቬምበር 25 ቀን 1996 ነው። ከምርቃቱ ሁለት ቀን በፊት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠልፎ ኮሞሮስ ባሕር ላይ ወደቀ። ከሞቱት አንዱ መሐመድ አሚን ነበር፤ ኮረምን ለዓለም ያሳየው ሰው። እነዚህን ቀኖች ጎን ለጎን ካየሁ ወዲህ ኖቬምበር ሲመጣ ሁለቱንም አስባለሁ።

ስንወጣ የአክስቴ ልጅ ቦርሳዋን ከፍታ እስክሪብቶ ሰጠችኝ። በሩ ላይ ባዶ ቦታ ፈልጌ «ኮረም፣ 1977» ብዬ በአማርኛ ጻፍኩ። ሥሩ እሷ የወንድሟን ስም ጨመረች።

ሐውልቱ ጋ ተመልሰን ለአክስቴ በቪዲዮ ደወልን።

«እጁን ለምን አነሳ?» አሉኝ ገና ሲያዩት።

«ዘፋኝ ነበር፤ ሲዘፍን እንዲያ ነው። በሰባ ሰባት ለእናንተ ዘፍኗል።»

«ለእኛ?»

«ለእናንተ። ለኮረም።»

ዝም አሉ። ስለ ኮረም ሲነሳ ፋፋውን፣ የእርዳታ ስንዴውንና ብርዱን እንጂ ሌላ አያወሩም። ዘፈን እንደነበረ የነገራቸው ሰው የለም።

«ስሙ ማን ነው ያልከኝ?»

«ፍሬዲ።»

«ፍሬው። እናቱ አለች?»

«የሉም። ልጃቸውን ቀብረው 25 ዓመት ያህል ኖሩ። በፈረንጆቹ 2016 አረፉ።»

«አይ፣ የኔ እናት» አሉ። ለኔ አይደለም ያሉት። «እስቲ ስልኩን ጠጋ አርገው፣ ፊቱን ልየው።»

ጠጋ አደረግሁት። ነፋሱ በርትቶ ነበርና ድምፃቸው ይቆራረጥ ነበር። ልጃቸው ስልኩን ከእጄ ተቀብላ ፊቱ ዘንድ እስኪደርስ ክንዷን ወደ ላይ ዘረጋች።