ዘጠኝ ሰዓት ነው እኮ!

ዛሬ እሑድ ነው። የጦሳ ተራራ ከጠዋት ጀምሮ ጉም እንደለበሰ ነው፣ መብራት ሁለቴ ሄዶ ሁለቴ መጥቷል፣ ማሙሽ ተኝቷል። እኔ በረካውን ብቻዬን ጠጥቼ የልጄን የፈተና ወረቀት እንደገና ዘርግቼዋለሁ። አራት ገጽ ነው። ከ100 47። ከሐሙስ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንዳየሁት እንጃ፤ ባለቤቴ «ወረቀቱን ልትበዪው ነው?» ብሎኛል። አልወጣልኝም። ስለዚህ ልጻፈው።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ማሙሽ ስምንት ዓመቱ ነው። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ አራት ዓመቱ ነበር፤ ነርሰሪ የያዘው ደብተር ገና አልቆሸሸም። አዝዬው ወጣሁ። ኅዳር አልቆ ስንመለስ የእሱ መዋዕለ ሕፃናት ወንበሮቹ ሳይቀሩ ተዘርፈው ነበር። ከዚያ ወዲህ በር ድንገት ሲዘጋ ጠረጴዛ ሥር የሚገባ ልጅ ሆነብኝ። ሁለቴ ትምህርት ቤት ሞከርን፣ ሁለቴም እያለቀሰ ተመለሰ። በ2015 መጨረሻ ደግሞ ክልሉ ውስጥ ሌላ ግጭት መጣ፤ መንገድ ተዘጋ፣ ኢንተርኔት ጠፋ፣ ትምህርት ዛሬ አለ ነገ የለም። «በቃ፣ እኔው አስተምረዋለሁ» አልኩ። ለሁለት ሱቆች ሒሳብ እሠራለሁ፣ ያንንም ቤት ሆኜ ነው። ባለቤቴ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ስለሚሠራ ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ማታ ነው የሚመጣው። ሰው ምን ያላለኝ አለ! «ልጁን አሰነፍሽው።» «እረኛ ልታደርጊው ነው እንዴ?»

የፊደል ገበታ ገዝቼ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። 33 ፊደል በሰባት በሰባቱ፣ 231። በቀን አንድ ረድፍ እንወርዳለን፣ ደስ ያለው ቀን ሁለት። መቁጠር የተማረው ምስር ስለቅም አጠገቤ ተቀምጦ ነው። መቀነስ የተማረው ሰኞ ገበያ ነው፤ እኔ ቲማቲም እገዛለሁ፣ መልሱን እሱ ይቆጥራል። አንዴ ሻጯ አምስት ብር አጉድላ ስትሰጠው «እትዬ፣ ይጎድላል» ብሏት በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰዓት ያስተማርኩት ሳሎን በተሰቀለችው በአባቴ ሰዓት ነው። ይቺ ሰዓት ነገር ታመጣለች፣ ያዙልኝ።

ዘንድሮ ደህና ሆነ። ጓደኛ ናፈቀው፤ የሰፈር ልጆች ዩኒፎርም ለብሰው ሲያልፉ መስኮት ላይ ይቆማል። ስለዚህ ለ2018 ላስመዝግበው ብዬ ከፒያሳ ብዙም የማይርቅ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሄድኩ። «ካርዱስ?» አሉኝ። ካርድ የለውም፣ ቤት ነው የተማረው። ጸሐፊዋ እንደ ጉድ አየችኝ። «ቤት ማለት... አስጠኚ ቀጥረው?» «አይ፣ እኔ ነኝ ያስተማርኩት።» ካርድ ከሌለው ክፍሉ በመግቢያ ፈተና ነው የሚወሰነው አለችና ቀን ቆረጠችልኝ። ያኔ አልተቆጣሁም። የት እንደደረሰ ሳያውቁ የት ያስገቡታል?

ችግሩ ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት ሳምንታት እኔ ራሴ ያደረግኩት ነው። ከጎረቤት ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች ለምኜ አመጣሁ። አዛምድ፣ ክፍት ቦታ ሙላ፣ እውነት ወይም ሐሰት። ምስሩ ቀረ። ገበያው ቀረ። ማታ ማታ ተረት እናነብ የነበረው ቀርቶ «አጥፋና እንደገና ጻፈው» ሆነ ሥራችን። አንድ ቀን ከሰዓት ዝናቡ አባርቶ በጦሳ በኩል ቀስተ ደመና ወጣ፣ ጠራሁት፣ መስኮቱ ላይ አቆምኩትና ከየት እንደሚመጣ ልነግረው ገና አፌን ስከፍት አቋርጦኝ «እማ፣ ይሄ ይመጣል?» አለኝ።

ምን ይመጣል?

«ፈተና ላይ።»

ዝም አልኩ። ይህንን ቃል ትምህርት ቤት አይደለም ያስተማረው፣ ገና በሩን አልረገጠም። ከእኔ ነው የሰማው። ለየገጹ «ይሄ ይመጣል፣ ይሄ አይመጣም፣ እለፈው» እያልኩት ነበር ለካ።

ፈተናው ማክሰኞ ነበር። የነሐሴ ብርድ፣ የደሴ ብርድ፣ ጋቢ ደርቤም አልሞቀኝም። ወላጅ አይገባም ተብሎ ከጥበቃው ጋር በር ላይ ቆምኩ። ልጁ በማያውቀው ክፍል ከማያውቃቸው ልጆች ጋር ሰዓት ተይዞበት ተቀመጠ። በሕይወቱ ሰዓት ተይዞበት አያውቅም። ሲወጣ «እንዴት ነበር?» አልኩት። «ወንበሩ ይወዛወዛል» አለኝ። ሌላ ወሬ የለም።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። ገጽ ሁለት ላይ የሰዓት ሥዕል አለ። ትንሹ ቀስት ሦስት ላይ ነው፣ ትልቁ አሥራ ሁለት ላይ። «ሰዓቱ ስንት ነው?» ይላል፣ በአማርኛ። ማሙሽ 9 ብሎ ጽፏል። ኤክስ። የአባቴ ሰዓት የምትሄደው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ሬዲዮ ከነጮቹ ጋር እኩል መስማት ይወድ ስለነበር እንደዚያ አስተካክሏት ሞተ፣ ማንም አልነካትም። እኛ ቤት ትንሹ ቀስት ሦስት ላይ ሲደርስ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ምሳ ከተበላ ቆይቷል። በስንቱ ሰው ቤት እንዲህ ነው! ስድስት እየደመረ ስድስት እየቀነሰ ሰዓት የሚናገር ልጅ እኮ ነው። ወረቀቱን ቤት ይዘን ስንመጣ ኤክሱን አይቶ «ዘጠኝ ሰዓት ነው እኮ!» ብሎ በጣቱ ወደ ግድግዳው አሳየኝ፣ ምስክር እንደሚጠራ ሰው።

እንግሊዝኛው ላይ ፎቶኮፒ ሲደጋገም የጠቆረ አንድ ክብ ነገር አለ፣ ስሙን ጻፍ ይላል። አፕል ነው አሉ። እሱ በአማርኛ «ኮክ» ብሎ ጽፎበታል። እኔም ወደ መብራቱ አስጠግቼ አየሁት፣ ኮክ ነው የሚመስለው።

ቃል ጽሕፈቱ ላይ «ጸሃይ» ብሎ ጻፈ። ኤክስ። በፀሐዩ ፀ፣ በሐመሩ ሐ ነበር መሆን ያለበት። እሺ፣ በዚህ አልከራከርም፤ አጻጻፉ እንዲጠበቅ እኔም እወዳለሁ። ግን ያው ትምህርት ቤት በሩ ላይ በሰቀለው ትልቅ ባነር «የትምህርት አመት» ብሎ በአልፋው አ ጽፎታል። ለስምንት ዓመት ልጅ ሁለት ነጥብ የሚያስቀንስ ነገር ለባነር ጸሐፊው ምንም አያስቀንስም ማለት ነው።

ሐሙስ ውጤት ለመቀበል ስሄድ «ሁለተኛ ክፍል ይከብደዋል፣ አንደኛ ይግባ» አሉኝ። ያረመችውን መምህርት አገናኙኝ። ወጣት ናት፣ ልጆቹ ሚስ ነው የሚሏት፣ ሰው ናት። የሰዓቱን ነገር አስረዳኋት። ወዲያው ገባት፣ ሳቀችም፤ የእሷም ቤት እንደዚያው ነው። «ግን የመልሱ ወረቀት 3 ነው የሚለው። እኔ ምን ላድርግ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ምን ታድርግ።

ከዚያ ማሙሽን አጠገቧ አስቀመጠችው። ቦርሳዬ ውስጥ የሚወደው የተረት መጽሐፍ ነበር፣ «እስቲ አንብብልኝ» አለችው። አንበለበለው። እኔ ደረቴን ነፍቼ «አየሽ?» ልላት ምንም አልቀረኝም። ሥዕሉን በመዳፏ ሸፈነችና ከመሀል አንድ መስመር አሳየችው። ቆመ። ሌላ መስመር አሳየችው። ፊደል በፊደል እየቆጠረ፣ እየተሰናከለ፣ በመጨረሻ አንገቱን ደፋ። ልጄ መጽሐፉን በቃሉ ነው የያዘው፣ ግማሹን አያነበውም። ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ ይህንን አላየሁም። ፊቴ ጋለ። «አይጨነቁ፣ ብዙ ልጅ እንዲህ ያደርጋል፤ ሥዕሉን እየሸፈኑ ያስነብቡት፣ በወር ይስተካከላል» አለችኝ ቀስ ብላ።

ይሄ ሁሉ አምስት ደቂቃ ነው የፈጀው። አራት ገጽ ሙሉ አገላብጬ ያላገኘሁትን ነገር ነገረችኝ። ግን አምስቱ ደቂቃ ነጥብ የለውም፣ የትም አይመዘገብም፣ መዝገቡ ላይ የሚወርደው 47 ነው። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ማታ እህቴ ደወለች። ቨርጂኒያ ነው ያለችው። ሁለቱን ልጆቿን ሆምስኩል ታስተምራለች፤ እኔን በሐሳቡ የለከፈችኝም እሷ ናት። እዚያ በሕግ የታወቀ ነገር ነው፣ ግን ልቅ አይደለም። በየዓመቱ እስከ ኦገስት 1፣ በእኛ ሐምሌ 25 መሆኑ ነው፣ ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ ማስረጃ ለአካባቢው የትምህርት ኃላፊ ማስገባት አለባት። በዓመቱ መጀመሪያ፣ እስከ መስከረም 20 ስድስት ዓመት ያልሞላው ብቻ ነው የማይጠየቀው። ብዙ ሰው የሚያስገባው የአገር አቀፍ ፈተና ውጤት ነው። ውጤቱ ዘጠኝ እርከን አለው፣ ልጁ ቢያንስ አራተኛው ላይ መድረስ አለበት፤ ከመቶ ልጆች የታችኞቹን 23 በለጠ እንደማለት ነው። አምና ይህን ስትነግረኝ «ታዲያ ይሄ ምን ያስጨንቃል?» ብዬ ስቄባት ነበር። አልሳቀችም። ማስረጃው ካልተሟላ ትምህርቱን የምታሻሽልበትን ዕቅድ አቅርባ ለአንድ ዓመት በማስጠንቀቂያ ትቀጥላለች፣ ያም ካልሆነ ቤት ማስተማሩ ይቆማል። ሰውን እንቅልፍ የሚነሣው ይሄ ነው።

ትልቁ ልጇ ሰባት ዓመቱ ላይ ፈተናው ሲቃረብ ጥፍሩን መብላት ጀመረ። አማርኛም እንግሊዝኛም ያነባል፣ አማርኛው የትም አይቆጠርለትም። ዘንድሮ ሕጉ የሚፈቅደውን ሌላውን መንገድ ያዘች። የመምህርነት ፈቃድ ያላት ሴት መጥታ ሳሎን ተቀመጠች፣ ደብተሮቹን አገላበጠች፣ አስነበበችው፣ ሒሳብ አሠራችው፣ ከዚያ «ይህ ልጅ በሚገባ እየተማረ ነው» የሚል ደብዳቤ ጻፈች። ደብዳቤው እንደ ፈተናው ይቆጠራል። የሚሷን ነገር ስነግራት «ያንቺዋም ያደረገችው ይህንኑ አይደል? የእኔዋ ፊርማዋ ይሠራል፣ ያንቺዋ ፊርማ አልተሰጣትም» አለችኝ።

ስልኩን ዘግቼ አባቴን አሰብኩ። አባቴ ቁርዓን የቀራው በሉሕ ነው። የእናቴ አባት ደግሞ የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት የደገሙ ናቸው፤ ወሎ ነው፣ አንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም ይኖራል። አባቴ ሲያወራ፣ ሼሁ እንጨቱ ላይ በቀለም ይጽፉለታል፣ እሱ ሲቀራው ሲቀራው ከርሞ የበቃ ሲመስለው ፊታቸው ተቀምጦ ያሰማል። ከሳተ ይመለሳል። ካወቀው ሉሑ ይታጠብና አዲስ ይጻፍለታል። ጓደኛው ሦስት ሉሕ ቢቀድመው ጓደኛው ቀደመ እንጂ እሱ ወደቀ አይባልም። አላሳምረውም፣ አለንጋ ነበረ፤ አያቴም የኔታ የቆነጠጡትን ቦታ እስከ እርጅናቸው ያሳዩን ነበር። ግን አንዱም ጋ ልጁ ሳይደርስ ፈተናው አይደርስም ነበር።

በትምህርት ቤቶቹ ሙሉ በሙሉ አልፈርድም። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው፣ በ2015 3.2። ያ ቁጥር ሲሰማ ሰፈራችን ለቅሶ ቤት መስሎ ነበር። ስድስተኛ ላይ የክልል፣ ስምንተኛ ላይ የክልል፣ አሥራ ሁለተኛ ላይ አገር አቀፍ። ሁሉም ደነገጠ፣ ሁሉም ልጁን ቀደም ብሎ ማንጓለል ፈለገ፣ ወንፊቱ ወርዶ ወርዶ የፊት ጥርሱ ያልበቀለ ልጅ ላይ ደረሰ። የ1986ቱ ፖሊሲ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ልጅ በተከታታይ ምዘና እያለፈ እንዲሄድ ነበር ያሰበው። እኛ ግን ኬጂውን «ስንተኛ ወጣህ?» ነው የምንለው። እኔም ብያለሁ። አምና፣ የጎረቤቴን ልጅ፣ ከረሜላ እየሰጠሁት።

ምዝገባው ዓርብ ያበቃል። አንደኛ ላስገባው ወይ ሌላ ቦታ ልሞክር፣ አልወሰንኩም። ባለቤቴ «አንደኛ ቢገባ ምን ይሆናል፣ ጓደኛ ያገኛል» ይላል። ሳይሆን አይቀርም። ከነገ ጀምሮ ማንበቡ ሥዕሉ እየተሸፈነ ነው፣ ምስሩም ይመለሳል።

ዛሬ ጠዋት ቁርስ እየሠራሁ ከማድ ቤት «ማሙሽ፣ ሰዓት ስንት ሆነ?» ብዬ ጮህኩ። ድሮ ሳልጨርስ ነበር የሚመልስልኝ። ዝም አለ። ብቅ ብዬ ሳይ የአባቴ ሰዓት ሥር ቆሞ አንጋጦ ያያታል።

«እማ፣ በቤት ነው በፈተና?»