«የሚጥል በሽታ» ያልኩበት ቀን

በዋሽንግተን ዲሲ አቅራቢያ ባለ አንድ ሆስፒታል በአስተርጓሚነት ስሠራ፣ ከባድ ድባቴ ወደ ያዛቸው አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ክፍል ተጠራሁ። ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል። መድኃኒቶቹ አልሠሩላቸውም፤ እህል መቅመስ ከተዉም ሰንብተዋል። ሐኪሙ አንጎልን በኤሌክትሪክ ስለ ማከም አስረድቶ ፈቃዳቸውን ሊጠይቅ መጥቷል።

እሱ በእንግሊዝኛ «ሲዠር»፣ ማለትም የአንጎል መንቀጥቀጥ፣ ሲል እኔ «የሚጥል በሽታ» አልኩ። ቃሉን በየቀጠሮው ስለምጠቀምበት አንድ አፍታ እንኳ አላሰብኩበትም።

እማማ ደነገጡ። «ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ የሚጥል በሽታ ሊያስይዙኝ ነው?» አሉኝ። አገር ቤት ያደገ ሰው ይህ ስም ምን እንደሚያስከትል ያውቃል። የወደቀን ሰው ክብሪት ጭረው የሚያሸቱ አሉ፤ የታመመ ልጃቸውን ከጎረቤት ዓይን የሚሸሽጉም አሉ። ሐኪሙ ግን ፊታቸውን አይቶ ሕክምናውን እምቢ ያሉ መሰለውና ወረቀቱን ሊሰበስብ ጀመረ።

አስተርጓሚ ከራሱ ሐሳብ አይጨምርም። ስህተቱን መናገር ግን ግዴታው ነው። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የሕመም ስም ነው የነገርኳቸው» ብዬ ለሁለቱም በየቋንቋቸው ነገርኳቸው።

ሐኪሙ ወንበር ስቦ ከመጀመሪያው ጀመረ። ማደንዘዣ፣ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት፣ ከዚያ ለጥቂት ሰከንዶች ኤሌክትሪክ። አንጎል ውስጥ የሚነሣው መንቀጥቀጥ አንድ ደቂቃ ገደማ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ያበቃል። በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ በድምሩ ከ6 እስከ 12 ጊዜ ይሰጣል። ሰውነት እንደ ድሮው አይወራጭም፤ የሚያላላው መድኃኒት ወደ አንዱ እግር እንዳይወርድ ቁርጭምጭሚት ላይ የደም ግፊት መለኪያ ጨርቅ ታስሮ ይነፋል፤ ሐኪሞቹም መንቀጥቀጡን በዚያ እግር ይከታተላሉ።

«እግሬ ብቻ?» አሉ እማማ። ሦስት ጊዜ ጠየቁ፤ ሦስቱንም ተረጎምኩ።

አብራቸው የነበረችው ልጃቸው ይህ ሕክምና በፊልም ሲሰጥ ያየችውን አስፈሪ ነገር አነሣች። ሐኪሙ አላስተባበለም። እ.ኤ.አ. በ1938 ጣሊያናውያኑ ሐኪሞች ኡጎ ቼርሌቲና ሉቾ ቢኒ ሮም ውስጥ ሲጀምሩት ያለ ማደንዘዣ ነበር፤ በዚያ ዘመን አጥንታቸው የተሰበረ ሕሙማንም ነበሩ።

የማስታወስ ነገር ሲነሣ ግን ልቤ ተፈተነ። «ትንሽ መርሳት» ብዬ ባልፈው እማማ ይረጋጉ ነበር። ሐኪሙ ያለው ከዚያ ይከብዳል፦ በሕክምናው ሰሞንና ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት የሆነው ነገር ከአእምሮ ሊጠፋ፣ አንዳንዱም ላይመለስ ይችላል። እንዳለ አስተላለፍኩት። እማማ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«የልጆቼን ስም እረሳለሁ?»

«እንዲያ ያለው አይጠበቅም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው የቅርቡ ነው» አላቸው።

ያን ዕለት አልፈረሙም። በማግስቱ ልጃቸው ጥያቄዎቻቸውን በወረቀት ጽፋ ጠበቀችን፤ አንድም ሳያስቀሩ ጠይቀው ፈረሙ።

ማታ የኪስ ደብተሬን አወጣሁ። ከ«ሲዠር» ትይዩ የነበረውን ሰርዤ «በማደንዘዣ ተኝተው ሳለ ሐኪሙ ለአጭር ጊዜ የሚያስነሣው የአንጎል መንቀጥቀጥ» ብዬ ጻፍኩ። መስመሩ አልበቃ ብሎ ወደ ኅዳጉ ወጣ።