አሜሪካ ለማመልከት ስም ከመደርደር በፊት

ኮመን አፕ (ለብዙ ኮሌጆች ማመልከቻ የሚላክበት ድረ ገጽ) ላይ እስከ 20 ኮሌጅ ማስገባት ይቻላል ማለት 20 መሙላት አለብሽ ማለት አይደለም። የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ የላከችልኝን ዝርዝር ሳይ መጀመሪያ የጠየቅኳት «ማን ይከፍላል?» ብዬ ነው። ደስ የማይል ጥያቄ ነው፤ ግን ቀድሞ ካልተጠየቀ መጋቢት ላይ «ተቀብለንሻል» የሚል ደብዳቤ ይዞ ቁጭ ማለት ይመጣል።

ለውጭ ተማሪ ነገሩ ይለያል። በፋፍሳ፣ ማለትም በአሜሪካ መንግሥት የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ ቅጽ፣ የሚገኘው የፌዴራል እርዳታ ለእሷ አይሠራም። ብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም ለውጭ ተማሪ የሚሰጡት እርዳታ ትንሽ ስለሆነ፣ ርካሽ የሚመስለው መጨረሻ ላይ ውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት ግን የመክፈል አቅምን ሳያዩ ይቀበላሉ፣ የጎደለውንም ይሞላሉ። ጭንቁ መግባቱ ላይ ነው እንጂ! ከሌሎቹ ብዙዎቹ የቤተሰቡን ኪስ እያዩ ነው የሚወስኑት፣ ይህን ደግሞ ድረ ገጻቸው ላይ ፈልጎ ማንበብ ያስፈልጋል።

እኔ የጨመርኩላት ኬንታኪ ያለውን በሪያ ኮሌጅን ነው። የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፣ ተማሪው ሁሉ ግቢ ውስጥ ይሠራል። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ካፌና ግርግር ለለመደች የቦሌ ልጅ ልትከብድ ትችላለች። እሷ ግን ሽመናና እንጨት ሥራ እንዳለ አይታ «ይሄማ ይመቸኛል» አለች። ያልጠበቅኩት መልስ ነው።

ለማመልከቻ ክፍያ የሚጠይቁትን ደግሞ ሳታፍሪ ኢሜይል ጽፈሽ እንዲተዉልሽ ጠይቂ ብያታለሁ።